ድሪቶ ስሰፋ «በስንት ትሸጪዋለሽ?» አትበሉኝ

አማርኛ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ያለው ንቀት አይጣል ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር፦ ቡትቶ፣ እራፊ፣ ውራጅ፣ ቅዳጅ፣ ዝተት፣ ድሪቶ… አንዱም ለሙገሳ አይሆንም። ፍቅረኛውን «የኔ ቡትቶ» ብሎ ያቆላመጠ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። ከሁሉም የባሰ ዕጣ የደረሰው ግን ድሪቶ ነው። ጨርቅነቱ ቀርቶ ስድብ ሆኗል። ከዚህም ከዚያም ቃርሞ የጻፈ ሰው «ደራሲ» ሳይሆን «ደራች» ይባላል፤ ሥራውም «ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ»። ጋዜጠኝነት ስንማር የዜና አጻጻፍ የሚያስተምረን አንድ መምህር ነበረ። ወረቀታችንን ሲመልስ ነጥቡን ከመናገሩ በፊት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እያወዛወዘ «የማን ድሪቶ ነው ይሄ?» ይል ነበር። አርባ ምናምን ተማሪ አንገቱን ይደፋል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ወድጄና ፈቅጄ ድሪቶ የምሰፋው። ፈረንጆቹ «ኲልት» ይሉታል፤ እንዲህ ሲባል ደግሞ ወዲያው ሥልጡን ሥልጡን ይሸታል። እኔ ግን በአገሩ ስም መጥራቱን መርጫለሁ። ስሙ ተሰድቦ ተሰድቦ የሰለቸው ስለሚመስለኝ ትንሽ ልክሰው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ድሪቶ ሦስት ድርብ ነው። ላዩ ከብዙ ቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ነው፤ መሐሉ ሙሌት ነው፣ ጥጥም ይሁን አሮጌ ብርድ ልብስ፤ ታቹ ገበር ነው። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ዘልቆ የሚይዝ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። አለቀ። አለቀ ስላችሁ ግን በአንድ ቅዳሜ አይደለም። እኔ በእጅ ስለምሰፋ አንድ የአልጋ ልብስ ወራት ይፈጃል። በሲንጀር የሚሠሩም አሉ፣ ያውም ቶሎ። እኔ በእጅ የምሰፋው የተለየ ፍልስፍና ስላለኝ እንዳይመስላችሁ፣ የስፌት መኪና ስለሌለኝ ነው። ደግሞም መብራት ሲጠፋ የእኔ መርፌ አይቆምም። (ሻማ ካለ።)

ጣጣው ብዙ ነው፣ ደስታውም ያለው እዚያው ጣጣው ውስጥ ነው። ቁራጮቹን የምቆርጠው ከጫማ ካርቶን በሠራሁት ልክ ነው፤ ምልክቱን እንደ ልብስ ሰፊዎቹ በሳሙና ስባሪ አደርጋለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ሃያ ቁራጭ ሲደረደር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አራት ሳንቲ ሜትር የተዛነፈ አልጋ ልብስ ደግሞ ቆሞ እንደሚያነክስ ፈረስ ነው፣ ከበር ይታወቃል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሳይታጠብ አይቆረጥም፤ በኋላ አንዱ ሲሸበሸብ ሌላው ተዘርግቶ ይቀራል። ቀይ ጨርቅን ማመን አይገባም፣ ቀለሙን ለጎረቤቶቹ ሁሉ ያካፍላል። ቴትረንና ፖፕሊን አብረው አይኖሩም፤ አንዱ ካውያ ሲፈልግ ሌላው በካውያ ይቀልጣል። ይህን የመሰለ ዕውቀት ጭንቅላቴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው። ለምን ይጠቅማል? ለምንም! ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

ጨርቁ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ አዳማ ለዚህ የታደለች ናት። ልብስ ሰፊዎቹ እግር ሥር ቀኑን ሙሉ የሚጠራቀመው ቁርጥራጭ ትራስ ለሚሞሉና የእግር መጥረጊያ ለሚሠሩ ሰዎች ይሄዳል። ከዚያ ላይ እፍኝ መጠየቅ ነውር አይደለም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ወቅት ደግሞ ሠርግ ነው፤ ሰማያዊው፣ ቡኒው፣ አረንጓዴው፣ ያ ሁላችንም የምንጠላው ግራጫ ሳይቀር። የሙቀት አገር ስለሆንን ቤት ውስጥ የማይለበስበት ጓዳ የሌለው ድሪያ አለ፤ ሲያረጅ እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ አበባው ግን ሳይደበዝዝ ይቀራል። የሰልባጅ ሸሚዝም አለ፤ አንገትጌው ያለቀ፣ ጀርባው ግን ገና ያልተነካ። በዓይኔ ሰው መገምገም ትቼ የሰው ሸሚዝ ጀርባ መገምገም ጀምሬያለሁ። ባጃጅ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ሸሚዝ ቢያምረኝ «ሲያረጅ ስጠኝ» እንዳልለው ምላሴን ነክሼ እወርዳለሁ።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ።

ድሪቶ ይዤ የታየሁበት ቦታ ሁሉ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «በስንት ትሸጪዋለሽ?» ጓደኞቼ ይጠይቃሉ፣ የአክስቴ ልጅ ይጠይቃል፣ በር ላይ ቲማቲም የምትሸጥልን ሴትዮም ጠይቃኛለች። «አልሸጠውም» ስል ደግሞ የሚመጣው እዝነት ነው። «ኧረ አንቺ ልጅ! እንዲህ ዓይነት እጅ ይዘሽ? ቴሌግራም ላይ ብትለጥፊው እኮ…» ከዚያ የቢዝነስ ዕቅድ ይጀመራል። ስም ይወጣልኛል። ሁለት ልጅ ቅጠሪ እባላለሁ። ቡናው ሳይጠጣ ፋብሪካ ከፍቻለሁ።

መቼም ክፋት የለውም፣ ኑሮው ነው። ሥራ በጠፋበት፣ ደመወዝ ወር ሳይሞላ በሚያልቅበት ዘመን እጅሽ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ብር ቀይሪ ቢባል አይፈረድም። የኛ ትውልድ ደግሞ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» እየተባለ ነው ያደገው። ሥልጠና ላይ ሥልጠና፣ ሰርተፊኬት ላይ ሰርተፊኬት። ፎቶ ማንሳት የሚወድ «ስቱዲዮ ክፈት»፣ ኬክ የምትወድ «ትዕዛዝ ተቀበዪ»፣ ጸጉር መሥራት የምትወድ… ይቀጥላል። አንድ ነገር በመውደዳችን ብቻ ደንበኛ እንዲኖረን ተፈርዶብናል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ አማርኛው ራሱ ጉድ ሠርቶናል። «ሆቢ» የሚለውን ለመተርጎም ያገኘነው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ነው። ድሮ በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ የብዕር ጓደኛ ፈላጊዎች ዓምድ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ከዚያ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፦ ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ፊልም ማየት» ይባል ነበር። ሁሉም ያው ሦስቱን ነበር የሚጽፈው። ግን ቃሉን እዩት፤ «ትርፍ»። የተረፈ ማለት ነው፣ ደግሞም ነጋዴ የሚያገኘው ማለት ነው። «ትርፍ ጊዜዬን» ብዬ ሳልጨርስ ሰሚዬ «ትርፍ» የምትለውን ብቻ ይዞ ይሮጣል።

እንዲያውም ዋጋ የማይጠየቅበት ጨርቅ ለኛ እንግዳ አልነበረም። ጋቢ ምንድን ነው? እናት ጥጡን ለቅማ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን አጠራቅማ ለሸማኔ ትሰጣለች። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውራል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። እናቱ የፈተለችለትን ጋቢ የደረበ ሰው «በስንት ገዛኸው?» አይባልም፤ ቢባል ስድብ ነው። ደርሶ እኔ ላይ ሲሆን ነው ተመን የሚወጣው። ምናልባት ገና ወጣት ስለሆንኩ፣ ምናልባትም የሠራሁት ለማን እንደሆነ ስላልታወቀ።

ከጋቢ ቀጥሎ ዳንቴል አለ። ዳንቴል የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም፣ ወይም ያደገው ሆቴል ውስጥ ነው። ሶፋው ጀርባ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ… ያ ስክሪኑ ላይ በሦስት ማዕዘን ተንጠልጥሎ የመጋረጃ ያህል የሚያገለግለው! ቴሌቪዥን ለማየት መጀመሪያ ዳንቴል ይገለጣል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መሥሪያው ኪሮሽም ፈረንሳይኛ ነው። በጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ያደገች ከተማ ልጆች ስለሆንን «ለገሃር» እንዳልነው ሁሉ እነዚህንም የራሳችን አድርገናቸዋል። የእናቶቻችን ትውልድ ኪሮሽ ይዞ ያልተቀመጠበት ቡና የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ዳንቴል ምን ገደለው? ድካም አይደለም፣ ፋሽንም አይደለም። የገደለው ቀጭኑ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ሲሳሳ ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ዳንቴል ሲሠሩ የነበሩ እናቶች አንዳቸውም «ሆቢ አለኝ» ብለው አያውቁም። «እጄ ባዶ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው» ነው የሚሉት። እጅ ባዶ መቀመጡ ኃጢአት ስለሚመስል ደስታውን በሥራ ስም አስመዝግበው ኖሩ። ብልጦች!

እዚህ ላይ እውነተኛው ክርክር የመጣብኝ ከነጋዴዎቹ ሳይሆን ከእናቴ ነው።

የመጀመሪያውን ድሪቶ ጨርሼ አልጋ ላይ ሳነጥፈው እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ምንም አላለችም። ማታ እንግዳ ሲመጣ ግን አጣጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ ከታዋለች፤ በምትኩ ያን የሚያንሸራትት፣ የአውሬ ሥዕል ያለበትን ከሱቅ የተገዛ ብርድ ልብስ አንጥፋለች። ስጠይቃት «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ከዚያ ቆይታ፣ እንጀራ እየጋገረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እኛ እኮ ከድሪቶ ለመውጣት ነው የለፋነው» አለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር በቀልድ ማለፍ አይቻልም። ለእሷ ድሪቶ ጥበብ አይደለም፤ ስድስት ልጅ አንድ ላይ የሚተኛበት፣ አንዱ ሲስብ ሌላው የሚበርደው፣ የዝናብ ቀን የማይደርቅ ነገር ነው። ልብስ ሲቀደድ የሚጣፈው ሌላ ስለሌለ ነበር። የተጣፈ ቀሚስ ለብሶ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ጣፊውን እያዩ የሳቁትን ልጆች ስም እስከ ዛሬ አይረሳም። አሁን ልጅ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ዲግሪ አስይዛ፣ ያቺው ልጅ ገበያ ወጥታ ቁርጥራጭ ለቅማ መጥታ አልጋ ላይ ስታነጥፍ፣ የሰማንያ ዓመት ሩጫ ወደ ኋላ እንደተጠቀለለ ቢሰማት ምን ይገርማል?

እኔ የምለው ግን፣ እናቴን ያሳፈራት ድሪቶው ሳይሆን ምርጫ ማጣቱ ነበር። ሁለቱን ያጣበቃቸው ድህነት ነው፤ ለማላቀቅ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ዕድል ያለው ማነው? ቁምሳጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስ እያለ፣ ውጭው እንዲህ እየሞቀ፣ ለማንም ሳይበርደው የሚሰፋ ድሪቶ የችግር ሊሆን አይችልም። ስለ ሙቀቱ ደግሞ መቼም አትጠይቁኝ። አዳማ ላይ ሦስት ድርብ የአልጋ ልብስ መስፋት ጅቡቲ ላይ ካፖርት እንደ መሸጥ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ንፋሱም አለ (ንፋሳችንማ 204 ሜጋዋት ማመንጫ በሁለት ዙር፣ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. ያስተከለልን ነው)። በተረፈ ድሪቶዬ እግር ሥር ተጣጥፎ ይተኛል። እንዲህ ዓይነት ጥቅም የለሽነት በኛ ቤት ታሪክ አዲስ ነገር ነው፤ በእኔ ቤት ትልቅ ሀብት ማለት እሱ ነው።

ድሪቶ ነውር ብቻ ሆኖ የኖረው ደግሞ በኛ አፍ እንጂ በሁሉም ዘንድ አይደለም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ የተሰውበትን ጦርነት የገጠሙን ድርቡሾች የሚለብሱት ጅባ የተጣጣፈ ነበር። መነሻው የዓለም ንቀት፣ የድህነት ምልክት ነው። ውሎ አድሮ ግን ጣፊው የቀዳዳ መድፈኛ መሆኑ ቀረና በልኩ ተቆርጦ፣ በቀለም ተመርጦ፣ ያልተቀደደ አዲስ ልብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚሰፋ የደንብ ልብስ ሆነ። የአለቆቹማ ይበልጥ ያጌጠ ነበር። ድሪቶ የለበሰ ጦር ምን እንዳደረገን ታሪክ የተማረ ያውቃል።

ወደ ሕንድ እንሻገር። በካርናታካ ግዛት ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዝርያ የሆኑ ሲዲ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ሕንዶቹ እነዚህን ጥቁር ሕዝቦች ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ «ሐብሺ» ነው፤ ከየት እንደመጣ ለእናንተ አልነግርም። የሲዲ ሴቶች «ካዋንዲ» የሚሉት ድሪቶ ይሰፋሉ። ከአሮጌ ሳሪና ሸሚዝ ነው። እኔ ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር ስሄድ እነሱ ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ፤ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ «አበባ» የሚሉትን ትንሽ የታጠፈ ጨርቅ ያኖራሉ፤ እሱ ካልተደረገ ካዋንዲው አላለቀም። ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ይሰፋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔም ድሪቶ ማዕዘኖች አበባ አብቅለዋል። ዘመድ ከዘመድ ቢኮርጅ ምን አለበት?

ዝነኞቹ ግን የአላባማዎቹ ናቸው። ጊስ ቤንድ የምትባል የአላባማ ወንዝ እንደ ቀለበት የሚከባት ትንሽ መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿ ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ ባሪያ ሆነው የሠሩ ጥቁሮች ናቸው። ሴቶቹ ከባሎቻቸው ያለቀ የሥራ ሱሪ ድሪቶ ይሰፉ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ የገረጣው ሰማያዊ፣ ኪሱ የነበረበት ቦታ ያልገረጣው ሰማያዊ፣ ሁሉም እንዳለ ይገባል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ሙዚየም ውስጥ ተሰቀለ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ዊትኒ ሄደ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ዓለም ተደመመ። ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ስሙኝ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ «ከሥራችን የሚገባንን አላገኘንም» ብለው ድሪቶውን ገዝተው ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ጉዳዩ በዓመቱ ተዘጋ። ሴቶቹ መብታቸውን መጠየቃቸው አንጀቴን ያርሰዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ለባል ናፍቆት፣ ለልጅ ብርድ የተሰፋ ጨርቅ በስተመጨረሻ በጠበቃ አፍ መተረኩ ነው።

«ስለዚህ መሸጥ ክፉ ነው ልትይን ነው?» አይደለም። የሚሸጥ ይሽጥ፣ ይክበር። ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ያን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የክር ኮፍያ የሚሠሩት ሰዎች ባይሸጡት ምን ይበላሉ? ኤልያስ ስሜ ሸራ ላይ ክርና ቁልፍ እየሰፋ የጀመረው ሥራ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል፤ ደስ ይለኛል፣ ኩራቴ ነው። (እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ሁለቱ ምሳሌዎቼ ላይ ወንዶች በሽ ናቸው። አገራችን ላይ ሸማኔው ወንድ፣ ልብስ ሰፊው ወንድ፣ «መርፌ የሴት ነው» ባዩም ወንድ! ክፍያ ሲኖረው የወንድ፣ ክፍያ ሲጠፋ የሴት ይሆናል እንዴ? ይህን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) የእኔ ጠብ ከሻጭ ጋር አይደለም። ጠቤ የማይሸጥ ነገር ሁሉ የባከነ ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው።

ስፌትን እንደ እንጀራ ብቻ ሲያዩት ምን እንደሚመስል አዳማ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነበር ትልቁ ተስፋ። ሐዋሳ ቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ተመርቋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት የኢትዮጵያ አልባሳት ሠራተኛ መነሻ የወር ደመወዝ 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ካሉ አልባሳት አምራች አገሮች ዝቅተኛው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን ብዙ ልጃገረድ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መጣችበት ተመለሰች። እነዚህ ልጆች ፊት «ስፌት ነፍስን ያሳርፋል» ብሎ ማውራት እንደ ቅንጦት ይቆጠራል፤ እኔም እንዲህ ዓይነት ነገር ልል አፌን ስከፍት የምትታወሰኝ ጎረቤቴ ናት።

በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፋ ትኖራለች። ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም። አራት ዓመት ሙሉ የግራ እጅጌ ነው የሰፋችው። የግራ እጅጌ ብቻ። ቀኝ እጅጌ የሌላ ሰው ነው፤ አንገትጌ የሌላ ሰው ነው። «ሙሉ ሸሚዝ ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?» ስላት ሳቀች። መጀመሪያ ላይ እሑድ በሬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ሲያዩኝ ከሚያዝኑልኝ ሰዎች ዋናዋ እሷ ነበረች። «እኔ በሳምንት ስድስት ቀን ከመርፌ ልገላገል አምላኬን እለምናለሁ፣ አንቺ በሰባተኛው ቀን አመጣሽው?» ትለኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን ቁራጮቹን መሬት ላይ ደርድሬ ሳሰላስል ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ አጎንብሳ አንዱን ቢጫ ከቦታው አነሳችው። ራቅ አድርጋ አኖረችው። ተመልሳ ተቀመጠች። ትክክል ነበረች፤ ቢጫው አሁን ተነፈሰ። በሚቀጥለው እሑድ መርፌ ጠየቀችኝ። እጇን ብታዩት! እኔ አንድ ስሰፋ እሷ አምስት፣ ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ፍጥነቷን ግን እየቀነሰች መጣች። አንድ ቀን «እዚህ አለቃ ሰዓት ይዞ አይቆምም አይደል?» አለችኝ፤ ለራሷ ማስታወሻ ይመስል። አራት ዓመት አንድ ዓይነት እጅጌ ለሰፋች ሴት ቢጫው የት ይሁን ብሎ የሚጠይቃት ጨርቅ ብርቅ ነው። ምን ቀለም እንደምትወድ ስጠይቃት ቶሎ አልመጣላትም ነበር፤ ሦስተኛው እሑድ ላይ ነው «ወይን ጠጅ» ያለችኝ።

ስለዚህ ቅንጦት ነው የሚሉኝን አልከራከራቸውም፤ ቅንጦት ነው። ጥያቄዬ ቅንጦቱ ለማን ይፈቀዳል የሚለው ነው። ሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሰው የሰፋች ልጅ እሑድ ለራሷ ብትሰፋ ሌላውን ሰው ምን አጎደለችበት? ወንዶቹ እሑድ ኳስ ሜዳ ወርደው አቧራ ሲጠጡ፣ ከሰዓት ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት ማንቼ አርሰናል ብለው ሲጮኹ «በስንት ትሸጡታላችሁ?» የሚላቸው የለም። (ኳሱም እኮ ልጅ ሆነው የተማሩት በካልሲና በጨርቅ ቁርጥራጭ ኳስ ነው። ድሪቶ ያላሳደገው ተጫዋች የለም።) ለነሱ መዝናናት ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ «እጅሽ እንዲህ የተባረከ ሆኖ ዝም ትያለሽ?» ይሆናል። እጄ የተባረከ ከሆነ እሑዱም ይባረክልኝ።

አንዳንዴ ደግሞ ክርክሩን ትቼ ስሌቱን ልሥራ ብዬ ሞክሬያለሁ። የሚጠይቁኝ ሰዎች እውነተኛው ዋጋ ይገባቸው እንደሆነ ለማየት። አንድ አልጋ ልብስ፣ በሳምንት ወደ አሥር ሰዓት፣ አምስት ወር ቢፈጅ ከሁለት መቶ ሰዓት በላይ ነው። ሰዓቱን በቀን ሠራተኛ ሒሳብ እንኳ ብታስቡት፣ ክሩና ገበሩ ሲጨመር፣ ፍራንኮ ወርዶ የሚገኝ ከቻይና የመጣ ብርድ ልብስ ስንት እጥፍ ይገዛል። ማንም አይገዛኝም። እንዲገዛኝ ሰዓቱን መቁረጥ አለብኝ፤ ሰዓቱን ለመቁረጥ ልኩን ማተለቅ፣ ስፌቱን ማሳሳት፣ ቀለሙን ማሰብ መተው አለብኝ። ከዚያ የሚተርፈኝ ምንድን ነው? የግራ እጅጌ።

እናቴ እስከ አሁን ድሪቶውን እንግዳ ሲመጣ ታነሳዋለች። ባለፈው ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ሳየው ከስር ሌላ የታጠፈ ነገር አለ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ከሠርጓ ቀሚስ የተረፈ ከፋይ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ጥቁር ቀይ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «ተይው፣ ለምንም አይሆንም» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ቀለሙ ይለቃል እንዴ ከፋይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማይለቅ ቃል መግባት አልቻልኩም፤ ጫፉን ቆርጠን በውኃ ነክረን እንሞክረው ብዬ መቀስ ላመጣ ስል ግን ጥቅሉን ነጥቃኝ መልሳ ከተተችው። ገና አልወሰነችም።

ከጎረቤቴ ጋር የጀመርነው የጋራ ድሪቶ አሁን ላዩ አልቋል፤ ሙሌቱም ተገኝቷል። የቀረን ገበሩ ነው፣ እሱ ላይ ተጣልተናል። እሷ አቡጀዲ ይሁን ትላለች፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ስፌቷም በግልጽ ይታያል። እኔ አበባ ያለው ድሪያ አገኘሁ፣ ስፌቱን ቢውጠውም ለእግር ይለሰልሳል። እሑድ ሁለቱንም አንጥፈን ጫማችንን አውልቀን በየተራ ልንተኛበት ተስማምተናል።